ከርብ ማዶ የተሰጠ ውክልና

ዩሱፍ ሞተር ሲጠግን ያየ ሰው፣ ይህ ሰውዬ በሕይወቱ አንድም ነገር ከእጁ አምልጦ አያውቅም ብሎ ሊያስብ ይችላል። ባሕር ዳር ላይ፣ ጀልባዎች ከሚቆሙበት ዳርቻ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጀልባ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። አባቱ ጀልባ ሠሪ ነበሩ፤ እሱን ግን ከእንጨቱ ይልቅ ብረቱ ሳበው። ዓሣ አጥማጁም፣ ወደ ገዳማቱ ሰው የሚያመላልሰውም፣ ሐይቅ መሐል ሞተሩ ማሳል ሲጀምርበት መጀመሪያ የሚደውለው ለእሱ ነው። ዩሱፍ ስልኩን ወደ ሞተሩ እንዲያስጠጋ ደዋዩን ያዝዘዋል፤ ጥቂት ያዳምጥና "ቤንዚንህ ውሃ ገብቶበታል" ወይም "ካንዴላው ነው፤ አውጥተህ ጥረገው" ይላል። ብዙ ጊዜ አይሳሳትም።

ይህ ሰው አንዲት ልጁን የዳራት መንገድ ዳር ቆሞ፣ በስልክ ነው።

ዩሱፍና ታናሽ ወንድሙ ሙኒር ያገቡት ሁለት እህትማማቾችን ነበር። ሙኒር በወጣትነቱ ለንግድ እንፍራንዝ ሄደና እዚያው ቀረ፤ የጨርቅ ሱቅ ከፈተ፤ ትዳርም ያዘ። በሰርጉ ቀን ዩሱፍ የሙሽራይቱን ታላቅ እህት ዘሊካን አየ፤ በዓመቱ እሷን አግብቶ ባሕር ዳር አመጣት። ኢልሃም ስትወለድ እናትና ልጅን ከሐኪም ቤት ወደ ቤታቸው ያደረሳቸው በሰማያዊ ሞተር ሳይክሉ ነው። ሞተሯን ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ የገዛት ሲሆን ያኔም አሮጌ ነበረች።

ኢልሃም አምስት ዓመት ሲሞላት ትዳሩ ፈረሰ። ዩሱፍ ቁጡ ነበር። በንዴት ፈትቼሻለሁ ያለውን በማግስቱ መመለስ ሲገባው አልመለሰም፤ ዘሊካ ትለምነኝ ብሎ ጠበቀ። ዘሊካም የምትለምን ሴት አልነበረችም። ልጇን ይዛ እንፍራንዝ ወላጆቿ ቤት ገባች።

ከባሕር ዳር እንፍራንዝ ከመቶ ኪሎ ሜትር ቢያልፍ በጥቂት ነው። መጀመሪያ ላይ ዩሱፍ በየሁለት ሳምንቱ እየሄደ ልጁን ያይ ነበር፤ በኋላ በወር፣ ከዚያ ለዒድ ብቻ ሆነ። በአንዱ ዒድ ሞተሯ ሐሙሲት አጠገብ እውነትም ቆመችበትና ከመንገድ ተመለሰ። ደውሎ "ሞተሩ ተበላሽቶብኝ ነው" ሲላቸው ማንም አልተቀየመውም። ምናልባት ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ላይ ነው፤ ነገሩ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አየ።

በሚቀጥለው ጊዜ ለልጅቱ የሚሆን ልብስ አልነበረውም፤ ባዶ እጁን የዘሊካን ወንድሞች ፊት ማየት አፈረና ሞተሩ ተበላሽቶብኝ አለ። ስምንተኛ ክፍልን ስታልፍ ሙኒር በግ አርዶ ጠራው፤ ሞተሩ ተበላሽቶብኝ አለ። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ትርፍ አንጀት ታማ ጎንደር ሆስፒታል ስትተኛ፣ ሦስት ሌሊት አልጋዋ ሥር መሬት ላይ ተኝቶ ያስታመማት ሙኒር ነው። ዩሱፍ ያኔም መንገድ ላይ መቆሙን ተናገረ። ሞተሯ ግን ያን ቀን ቤንዚን ሞልታ ከጥላው ሥር ቆማ ነበር። እሱ ፊት ለፊቷ፣ በተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጦ "አሁን ብሄድ ምን እላቸዋለሁ? እስከ ዛሬ የት ነበርህ ቢሉኝስ?" እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ መሸበት። የቀረበት ቀን በበዛ ቁጥር የሚሄድበት ፊት አጣ።

ዩሱፍ ሳይሰማ፣ እንፍራንዝ ያሉት ዘመዶቹ ቃሉን መቀለጃ አድርገውት ነበር። አንድ ሰው ከቀጠሮ ሲቀር "የዩሱፍ ሞተር ይዞት ነው" ይባባላሉ። ኢልሃም ባለችበትም ይሉታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ባለፈው ታኅሣሥ መጨረሻ ልጅቱ ደወለችለት። በዓመት ሁለት ጊዜ ብትደውል ነው።

"እንዴት ሰነበቱ?" አለችው። አጎቷን ሙኒርን "አንተ" ትለዋለች፤ ስትቆጣውም ስታስቀውም እንደዚያው። ወላጅ አባቷን ግን እንደ ሠፈር ሽማግሌ "እርስዎ" ነው የምትለው። ሌላ ሰው ቢሰማ ጨዋ ልጅ ናት ይል ነበር። ዩሱፍ ቃሏን በሰማ ቁጥር አንድ ሰው በር ላይ የሚያስቆመው ይመስለዋል።

"አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ። ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ጥር ላይ ኒካሕ ሊታሰርልኝ ነው። ካሚል ይባላል፤ እዚያው ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሸኹ፣ አባት በሕይወት እያለ ሌላ ሰው አይድርም ብለዋል። ወሊዬ እርስዎ ነዎት።"

"እመጣለሁ! እንዴት አልመጣም!"

"ኒካሑ እሑድ ጧት አራት ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜ ይምጡና እኛ ዘንድ ይደሩ።"

"ቅዳሜ እመጣለሁ።"

"በሚኒባስ ይምጡ" አለችውና ስልኩን ዘጋች።

ቅዳሜ አልሄደም። ሥራ አልነበረውም አይባልም፤ አንድ ጀልባ ነጂ ነገ መንገደኛ አለብኝ ብሎ ሞተሩን ጥሎበት ነበር። ግን ሥራውን ለሌላ ጠጋኝ መስጠት ይችል ነበር። ያስቀረው ሌላ ነው፤ ሌሊቱን ዘሊካ ቤት፣ ከወንድሞቿ መሐል፣ እንግዳ ሆኖ ማደር ከበደው። ጧት ደርሶ፣ ልጁን ድሮ፣ ምሳ ቀምሶ መመለሱ ቀለለው። የጀልባ ነጂው ሞተር ካንዴላ፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ዕቃ፣ ተቃጥሎ ስለተገኘም፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሞተሯ መቀመጫ ሥር የሚያኖራትን መጠባበቂያ ካንዴላ አውጥቶ ገጠመለት። ሰኞ ሌላ እገዛለሁ አለ በልቡ።

በሚኒባስም አልሄደም። በዚያ ሰሞን በጸጥታው ችግር መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሳ ረፋዱ ይሆናል። እሑድ ፈጅርን ሰግዶ፣ አዲሱን ነጭ ጀለቢያ በፌስታል አድርጎ ከኋላ አሰረና ገና በማለዳው ሞተሯን አስነሳ። አንድ ጊዜ ሲረግጣት ተነሳች። ደስ አለው። ዓባይን ተሻገረ፤ ሐሙሲትን አለፈ፤ ጉማራን አለፈ። ወረታ ሲደርስ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ማለዳ ያልበላውን ቁርስ ዘሊካ ታበላኛለች ብሎ አሰበና ብቻውን ፈገግ አለ።

የርብን ድልድይ ተሻግሮ ብዙም ሳይሄድ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ተንተፋተፈች፤ ከዚያ ዝም አለች።

ዩሱፍ መጀመሪያ አልደነገጠም። ዳር አውጥቶ አቆማት። ቤንዚን አለ። ካርቡራተሩን ፈታ፣ እፍ ብሎ አጸዳው፣ መልሶ ገጠመው። ረገጣት። አልተነሳችም። ካንዴላውን አወጣ፤ ከብረቱ ጋር አነካክቶ ማስነሻውን በእጁ ገፋ። እሳት አልነበረውም። ሽቦውን ቆርጦ አዲስ ጫፍ አወጣለት፤ አሁንም የለም። የካንዴላውን አፍ በቢላ ፋቀ፤ ከካልሲው ጋር እያሻሸ ጠረገው። ዓይኑን ጠጋ አድርጎ ሲያየው ነጩ ሸክላ ከሥሩ ተሰንጥቋል። ይህ የሚጠገን ነገር አልነበረም። እጁን ወደ መቀመጫው ሥር ሰደደ፤ ጨርቁን ብቻ አገኘ።

መንገዱ በዚያ በኩል እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው። ሩዙ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ ወንዙን ተጠግቶ የሽንኩርት መስክ ይታያል፤ አንድ የውሃ ፓምፕ ከሩቅ ያለማቋረጥ ይንኳኳል። ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም። ዩሱፍ ለመጀመሪያው ጭነት መኪና እጁን አነሳ፤ መኪናው ጡሩንባ ነፋበትና አለፈ። ሚኒባስ መጣ፤ ሹፌሩ ዞርም ብሎ አላየው። በዚህ ዘመን መንገድ ዳር ብቻውን ለቆመ ሰው ማን ያቆማል? እሱስ ቢሆን ያቆም ነበር ወይ? አላቆምም ነበር አለ ለራሱ። ስድስት መኪና አለፈው። ሰባተኛውን አልጠየቀም፤ ተመልሶ ያንኑ የተሰነጠቀ ካንዴላ መጥረግ ጀመረ።

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ሙኒር ነው።

"የት ደረስህ?"

"ርብን አልፌ ቆሜያለሁ። ሞተሩ..." ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ሌላ ቃል ፈለገ፤ ለዚህ ነገር ሌላ ቃል የለም።

"ሞተሩ ተበላሽቶብህ" አለ ሙኒር። በድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ዩሱፍ ቁጣ ቢሰማ ይሻለው ነበር።

"ወላሂ ሙኒር፣ ዛሬ እውነቴን ነው።"

"ዛሬ" አለ ሙኒር።

ዩሱፍ ምን እንዳለ የገባው ከተናገረ በኋላ ነው። ከሙኒር ኋላ የሰው ሁካታ፣ የሕፃናት ጩኸት፣ የሳህን ኳኳታ ይሰማል። አንዲት ሴት "ደረሰ?" ብላ ስትጠይቅ ሰማ። ሙኒር ስልኩን በእጁ ሳይሸፍን "ሞተሩ ተበላሽቶበት" አላት። ሳቅ ተሰማ። ሳቁ ረዥም አልነበረም፤ አንድ ሰው ቶሎ ተቆጥቶ አስቆመው።

"መኪና ላክልኝ" አለ ዩሱፍ። "አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጠብቁኝ።"

"ሄዶ እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ነው። ሚዜዎቹ ባሕር ዳር በጊዜ መግባት አለባቸው፤ ከሰዓት መንገዱ እንዴት እንደሚውል አይታወቅም። ሸኹም ሌላ ኒካሕ አለባቸው።" ሙኒር ተነፈሰ። "ቆይ፣ እሳቸው ሊያናግሩህ ነው።"

የሽማግሌ ድምፅ መጣ። "ዩሱፍ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። መንገድ የአላህ ነው፤ አትጨነቅ። ድምፅህን ከፍ አድርጌ ለሰዉ አሰማዋለሁ። ስጠይቅህ ግልጽ አድርገህ መልስልኝ።"

"እሺ፣ ሸኽዬ።"

"ይህ የዩሱፍ ድምፅ መሆኑን የምታውቁ አላችሁ?" አሉ ሸኹ ወደ ሰዉ። ሁለት ሰዎች "እናውቃለን" አሉ። ዩሱፍ ሌላ የሚመሰክር ይኖራል ብሎ ጠበቀ። ሌላ የለም።

"ልጅህን ኢልሃምን ለካሚል እንዲድርልህ ማንን ትወክላለህ?"

አንድ ጭነት መኪና እየጮኸ መጣ። ዩሱፍ ስልኩን በጀርባው ከልሎ ከመንገዱ ወረደ፤ ገለባው ውስጥ ቆመ። እጁ እስከ ክርኑ ድረስ ጥቁር ነበር።

"ልጄን ኢልሃምን..." አለ። እንደገና ጀመረ። "ልጄን ኢልሃምን ለካሚል እንዲድርልኝ ወንድሜን ሙኒርን ወክያለሁ።"

"ወክለሃል?"

"ወክያለሁ።"

"ሙኒር፣ ተቀብለሃል?"

"ተቀብያለሁ።"

ስልኩ ተዘግቶ ይሁን ወይም ተረስቶ ለጥቂት ጊዜ አላወቀም። ከዚያ የሸኹ ዱዓ ሲጀመር ከሩቅ ሰማ፤ አሚን ሊል አፉን ሲከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ሲደውል አልነሳ አለው። ደግሞ ደወለ። ሦስተኛውን ተወው።

ቀና ሲል አንዲት ሴት ፊት ለፊቱ ቆማለች። በአምሳዎቹ ውስጥ ትሆናለች፤ የጎማ ቦቲ ተጫምታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ አካፋዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋለች። የብርጓል ትባላለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሽንኩርቱን የምታለማው ራሷ ናት። መስኩን ስታጠጣ ከጧት ጀምሮ ሲለፋ አይታዋለች፤ ነገር ይኖረው ይሆን ብላ ፈርታ ነው እስካሁን ያልመጣችው።

"ልጅ ድረህ ነው?" አለችው። ሰምታ ነበር።

"አዎን።"

"በስልክ?"

"በስልክ።"

የብርጓል ለእልልታ እጇን ወደ አፏ አነሳች፤ ፊቱን አየችና መለሰችው። "ኧረ ወንድሜ" አለች ቀስ ብላ። "ምኑ ነው የተበላሸብህ?"

ካንዴላውን አሳያት። ተቀብላ አገላበጠችው። "ይኼማ የእኔም ፓምፕ ላይ አለ።"

ዩሱፍ ያን ጊዜ ራሱን በቡጢ መምታት አማረው። የፓምፑ ድምፅ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ጆሮው ውስጥ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሞተር አዳምጦ የኖረ ሰው፣ ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ እየሠራ ያለ ካንዴላ እየሰማ፣ ሄዶ ሰው መጠየቅ አቅቶት ከአንድ ሰዓት በላይ የሞተ ካንዴላ ሲጠርግ ነበር።

የብርጓል ፓምፑን አጠፋች። ዩሱፍ ካንዴላውን ሲፈታ ግሎ ነበር እንጂ አላስቸገረም። "ማታ ሳይሆን እመልስልሻለሁ" አላት። "ስሜን ልንገርሽ፣ ስልኬን ያዥ..."

"ተወው" አለች። "ሰርገኛ ሰው ካንዴላ ይዞ የት ይሄዳል? አምንሃለሁ፤ ሂድ።"

ይህች ቃል ከሳቁ ይልቅ ጎዳችው። ስሙን የማታውቅ ሴት በአንድ ጊዜ አመነችው።

ሞተሯ ተነሳች። ካንዴላው ለእሷ የተሠራ አይደለም፤ ዘይት የምታቃጥል አሮጌ ሞተር ቶሎ እንደምታጠቁረው ዩሱፍ ያውቃል። አዲስ ዘመን ከተማ ሲደርስ የመለዋወጫ ሱቅ ተከፍቶ አየ። መቆም እንዳለበትም ያውቃል። አልቆመም። ኒካሑ ቢያልፍም ልጅቱ ከቤት ሳትወጣ ልደርስ እችላለሁ ብሎ ማርሽ ጨመረ።

እንፍራንዝ ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ሞተሯ እንደገና ቆመች።

ካንዴላው በዘይት ርሶ ነበር። ሲፋቅ ሊሠራ ይችላል፤ ግን መጥረጊያ ጨርቅ አጣ፤ የነበሩት ሁሉ ረጥበዋል። ፌስታሉን ፈታና የአዲሱን ጀለቢያ ጫፍ አወጣ። አንድ ጊዜ አመነታ፤ ከዚያ ጠረገበት። ነጩ ላይ ጥቁር ቀለበት ቀረ። በዚያ መሐል ከወደ እንፍራንዝ የመኪና ጡሩንባ ሲዘምር ሰማ።

ከፊት አንዲት ነጭ መኪና በሪባንና በአበባ ተሸልማ ትመጣለች፤ ከኋላዋ ሁለት ሚኒባስ ጭብጨባና ዘፈን ጭነው። ዩሱፍ ካንዴላውንና ጀለቢያውን በእጁ እንደያዘ ወደ መንገዱ ሮጠ። "ኢልሃም! ቁሙ!" ብሎ ጮኸ። እጁን እያወናጨፈ መንገድ መሐል የሚገባ ሰው በዚያ ሰሞን ለሹፌር የማቆሚያ ሳይሆን የመፍጠኛ ምክንያት ነበር። ነጯ መኪና ወደ ግራ ጠምዝዛ አለፈችው።

ያኔ አያት። መስታወቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ነጭ ሻሽ ተከናንባለች፤ እጇ ላይ ሒና አለ። ከዘሊካ ይልቅ የእሱን እናት ትመስላለች፤ ይህን እስከ ዛሬ አላስተዋለም ነበር። ዓይኗ መጀመሪያ እሱ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ዳር ላይ ሆዷ ተከፍቶ ወደ ቆመችው ሞተር ሄደ። የሚኒባሶቹ አቧራ መሐላቸው ገባ። ከዚያ ጡሩንባው ወደ አዲስ ዘመን እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደ።

ዞሮ ሊከተላቸው ይችል ነበር። ካንዴላውን ገጥሞ እስኪያስነሳ ግን ሩብ ሰዓት ሄደ። ደግሞስ ደርሶባቸው ምን ሊል ነው? ወደ እንፍራንዝ ቀጠለ።

ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። ጎረቤቶች ወንበር ሲደራርቡ አዩትና ፊታቸውን ወደ ሥራቸው መለሱ። ዘሊካ ከጓዳ ወጥታ ከእግሩ እስከ ራሱ ተመለከተችው። ዐሥራ ስምንት ዓመት የቆየ ነገር ትናገራለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን የውሃ ማንቆርቆሪያና ሳሙና አመጣች።

"ታጠብ" አለችው። ውሃውን እያፈሰሰችለት ጥቁሩ ከእጁ ላይ ሲወርድ አየች። "እውነት ነበር ማለት ነው" አለች፤ ለእሱም አልነበረም የተናገረችው። ምግብ አቀረበችለት። በማለዳ ያለመው ቁርስ ይህ ነው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ጎርሶ ተነሣ።

ሙኒር የድንኳኑን ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ዩሱፍ ሄዶ ሌላውን ጫፍ ያዘለት። ገመዱን አብረው ጠቀለሉ።

"አላህ ይስጥህ" አለ ዩሱፍ በመጨረሻ። "በእኔ ቦታ ስለቆምህ..."

"አታመስግነኝ" አለ ሙኒር ቀና ሳይል። "ዛሬ እንኳ ደውለህ ነው የወከልኸኝ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የወከልኸኝ ሳትደውል ነው።"

ዩሱፍ ገመዱን መሬት ላይ አኖረና ተሰናበተ።

ሲመለስ አዲስ ዘመን ቆሞ አዲስ ካንዴላ ገዛ። የብርጓልን ፀሐይ ሳትጠልቅ አገኛት። ፓምፗ ቀኑን ሙሉ እንደቆመ ነው፤ ያልጠጣው የሽንኩርት መደብ ቅጠሉ ተኝቷል። የወቀሳ ቃል ግን አልወጣትም። ዩሱፍ ካንዴላዋን አጽድቶ ገጠመላት፤ የፓምፑን ካርቡራተርም ሳትጠይቀው ፈትቶ አስተካከለላት። ሞተሩ ድምፁ ጠርቶ ሲነሳ "እሰይ!" አለች። "ልጅህን አገኘሃት?"

"አይቻታለሁ" አላት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ፣ ዩሱፍ የካሚልን ቤት ጠይቆ ሄደ። ከጥላው የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ካሚል ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለው፤ ኢልሃም እጁን ስማ ከላይ አስቀመጠችው፤ ሻይና በስኳር የራሰ ሙሺበክ አቀረበች። ካሚል ሁለቱን ትቷቸው ወጣ።

ዩሱፍ ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አዞረው። "ያን ቀን አይተሽኛል" አለ።

"አይቻለሁ።"

"እውነቴን ነበር፣ ኢልሃም።"

"አውቃለሁ። ሞተሩን አይቼዋለሁ።" ድምፏ ጸጥ ያለ ነበር። "ሹፌሩን ቁም ልለው ፈልጌ ነበር። ከዚያ ተውሁት።"

"ለምን?"

"መኪናው ውስጥ ሳለቅስ ሁሉም ለእርስዎ መቅረት ነው ብለው አባበሉኝ። ግን ለዚያ ቀን አልነበረም ያለቀስሁት። እዚያ ቆመው ሳይዎት፣ ሞተር ሲበላሽ እንዴት እንደሚሆን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እንዲህ ከሆነ የሚሆነው፣ እጅ እንዲህ ከጠቆረ፣ ሰው እንዲህ ከሮጠ፤ የድሮዎቹ ሁሉ ውሸት ነበሩ ማለት ነው አልሁ። እስከዚያ ድረስ፣ ሰው ሲስቅ ብስቅም፣ አንዱ እንኳ እውነት ይሆናል እያልሁ ነበር የኖርሁት። ጎንደር የተኛሁ ጊዜ የቀሩበት እንኳ።"

ዩሱፍ ስለ ተገለበጠው ጀልባ ሊነግራት፣ እንዴት ተቀምጦ እንደዋለ፣ ምን እንዳፈረ ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። ከዚያ ይህም እንደ ሌሎቹ ምክንያት መሆኑ ታየውና ዘጋው።

ሻዩን ጨርሶ ሲነሣ በሩ ድረስ ሸኘችው። "በሚመጣው ዐርብ ልምጣ?" አላት፤ እንደ ልጅ ፈቃድ መጠየቁ ራሱን አስገረመው።

"ይምጡ" አለች። "ካልመጡም ግን ለምን እንደቀሩ አይንገሩኝ።"

ከዚያ ወዲህ ዐርብ ቀርቶ አያውቅም። ዝናብ ሲጥልም፣ ሲያመውም ሄዷል። ሻይ ይጠጣሉ፤ ስለ ሐይቁ መጉደል፣ እንቦጭ አረሙ ዘንድሮ እስከየት እንደደረሰ፣ ዓሣ ስለ መወደዱ ያወራሉ። ካሚል ካለ ጨዋታው ትንሽ ይደምቃል። ከሌለ ግን አባትና ልጅ ይህን ጨርሰው፣ ሌላ የሚያወሩት እስካሁን አላገኙም።